ቫይረስ ከበር ሳይገባ በሳሙናና በክትባት መመለስ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ ለሚኖሩ እናቶችና ቤተሰቦች

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የሀገራችን ሰው። እሳት ገና በጭስ ሳለ በእፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ ቢደፋበት በቀላሉ አይመለስም። በሽታም እንደዚሁ ነው። ከበሽታዎችም መካከል ይህ አባባል በጣም የሚስማማቸው ቫይረስ በሚባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመጡት ናቸው። ብዙዎቹ ቫይረሶች ከሰውነት ውጭ ሳሉ ደካሞች ናቸው፤ በአንድ ቁራጭ ሳሙና ይጠፋሉ። ወደ ሰውነታችን ከገቡ በኋላ ግን ማስወጣቱ ከባድ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ የማይቻል ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ቫይረስ በምን መንገድ ወደ ሰውነት እንደሚገባ፣ በሩንም በምን መዝጋት እንደሚቻል እንገልጻለን። ምክንያቱ ሳይነገር «ታጠቡ፣ አስከትቡ» ብቻ ማለት ትእዛዝ እንጂ ትምህርት አይሆንም። ምክንያቱን ያወቀች እናት ግን ማንም ሳይጎተጉታት ራሷ ታደርገዋለች፤ ለጎረቤቷም ታስረዳለች።

ቫይረስ ምንድን ነው?

ቤት ከድንጋይና ከጭቃ እንደሚሠራ ሁሉ የሰው አካልም ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ቆዳችን፣ ሳንባችን፣ ነርቫችን፣ ሁሉም የሕዋሳት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን በስስ የቅባት ሽፋን የታጠረ ነው፤ በዚህም ሽፋን ላይ ምግብና መልእክት የሚቀበልባቸው ብዙ በሮች አሉት።

ቫይረስ ከሕዋስ እጅግ ያነሰ ነው። አሥር ሺህ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች ጎን ለጎን ቢሰለፉ ርዝመታቸው 1 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። ራሱን ችሎ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውንም አይራባም። ለመራባት የግድ ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። ሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ፣ ማጀቱንና ምጣዱን ነጥቆ፣ በባለቤቷ ዱቄት ለራሱ እንጀራ የሚጋግር ሌባ ማለት ነው። ሕዋሱም የራሱን ሥራ ትቶ ለቫይረሱ ብዙ ሺህ ልጆች ሲሠራለት ይውላል።

አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድሉም። ስለዚህ ለጉንፋንና ለኢንፍሉዌንዛ ከመደብር እየገዙ መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በኋላም መድኃኒቱ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ካባ የለበሱና ካባ የሌላቸው

ቫይረሶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ከላዩ የቅባት ካባ የደረበ ነው። የኢንፍሉዌንዛ፣ የኩፍኝ፣ የኮቪድ-19፣ የኤችአይቪና የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረሶች ከዚህ ወገን ናቸው። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም በጂንካ መገኘቱ የተረጋገጠው ማርበርግም ካባ ለባሽ ነው። ሁለተኛው ወገን ካባ የለውም። ልጆችን ሽባ የሚያደርገው ፖሊዮና ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያደርቀው ሮታ ከዚህኛው ወገን ናቸው።

ካባ ለባሹ ካባውን ራሱ አልሸመነውም። በሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሲወጣ ከሕዋሱ የቅባት ሽፋን ላይ ቆርሶ ለብሶት ይወጣል። የተሰረቀ ካባ ነው። በካባው ላይ እንደ እሾህ ተተክለው የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ እሾሆች የቫይረሱ ቁልፎች ናቸው።

በሩን እንዴት ይከፍተዋል?

የቫይረሱ አገባብ በሦስት እርምጃ ይፈጸማል።

1ኛ. ቁልፉ መቆለፊያውን ያገኛል። በሕዋስ ላይ ካሉት በሮች አንዱ ለቫይረሱ እሾህ ልክ ሆኖ ሲገኝ ቫይረሱ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሁሉም ቁልፍ ሁሉንም በር አይከፍትም። ኢንፍሉዌንዛ ጉሮሮንና ሳንባን፣ የእብድ ውሻ ቫይረስ ጡንቻንና ነርቭን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ቁልፉ የማይገጥምለት ቫይረስ በደጅ ቆሞ ይቀራል።

2ኛ. ካባውና የሕዋሱ ሽፋን ይዋሐዳሉ። በወጥ ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የቅባት ጠብታዎች ሲነካኩ አንድ ሆነው ሲቀሩ አይታችሁ ይሆናል። የቫይረሱ ካባ ቅባት ነው፤ የሕዋሱም ሽፋን ቅባት ነው። እሾሁ ሁለቱን ጎትቶ ሲያገናኛቸው ይቀላቀላሉ፤ በመካከላቸውም ቀዳዳ ይከፈታል። ኩፍኝ ይህን የሚያደርገው በሕዋሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛና የእብድ ውሻ ቫይረስ ግን የበለጠ ተንኮለኞች ናቸው። ሕዋሱ ምግብ መስሎት በትንሽ ከረጢት ይውጣቸዋል፤ ከረጢቱ ውስጡ ኮምጠጥ ሲል እሾሁ ቅርጹን ይለውጥና ከረጢቱን ከውስጥ ይበሳዋል። የኮቪድ-19 ቫይረስ በሁለቱም መንገድ መግባት ይችላል።

3ኛ. ቫይረሱ በሆዱ የያዘውን የመራቢያ ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ ያፈሳል። ከዚህ በኋላ ሌባው ማጀት ገብቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! የቅባቱ ካባ የቫይረሱ ኃይል ነው፤ ድክመቱም እሱው ነው። ካባው ከተቀደደ ቁልፎቹ አብረውት ይወድቃሉ፤ ቁልፍ የሌለው ቫይረስም መግባት አይችልም።

ሳሙና ካባውን ይቀድዳል

ቅቤ የነካውን እጅ በውኃ ብቻ ብንታጠብ ውኃው ከላይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቅባቱ አይለቅም። ሳሙና ሲጨመር ግን ወዲያው ይለቃል። የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ጫፍ ውኃ ይወዳል፣ ሁለተኛው ጫፍ ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ በቫይረሱ ካባ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ውኃ ወዳዱ ደግሞ ወደ ውኃው ይጎትታል። ካባው በዚህ መካከል ይበጣጠሳል፤ ስብርባሪውም ከእጅ ላይ ታጥቦ ይወርዳል።

ይህ ሥራ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እጅን አርሶ ሳሙና መነካካት ብቻ አይበቃም። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ የጣቶቹን መካከል፣ አውራ ጣቱንና የጥፍሩን ሥር ቀስ ብሎ ከ1 እስከ 20 እስኪቆጠር ድረስ ማሸት፣ ከዚያም በሚፈስ ውኃ መለቅለቅ ያስፈልጋል። ውኃው ሙቅ መሆን አያሻውም፤ ሳሙናውም ውድ መሆን የለበትም። የልብስ ሳሙና ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ካባ የሌላቸው ቫይረሶች በሳሙና እንደዚህ በቀላሉ አይሞቱም። ቢሆንም በሳሙና ታሽተው በሚፈስ ውኃ ከእጅ ላይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የሕፃን መቀመጫ ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት፣ ከመብላትና ጡት ከማጥባት በፊት መታጠብ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። እጅ ለመታጠብ ውኃውን በሳሕን አጠራቅሞ ሁሉም እየተራ መንከር ግን የአንዱን ቆሻሻ ለሌላው ማካፈል ነውና፣ በጆግ ወይም በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ መታጠብ ይሻላል።

የእጅ ማጽጃ አልኮል ካባውን ያሟሟል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። የቤት አረቄ በአብዛኛው ከዚህ በታች ስለሆነ አይተካውም። ሳሙና በቤት ከጠፋ አመድ በመፈተግ ቆሻሻውን ያነሳል፤ የሳሙናን ያህል ግን አይታመንም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ያን ጊዜ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና በብዙ ደጅ ተተክሎ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት አይታይም። የወረርሽኙ ወሬ ቢቀዘቅዝም የጀሪካኑ ጥቅም አልቀረም፤ ኢንፍሉዌንዛም ተቅማጥም ዛሬም አሉና ወደ ቦታው እንዲመለስ እንመክራለን።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ ጊዜ የማይሰጥ ጠላት

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ከማንኛውም በሽታ ይልቅ በግልጽ የሚታየው በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ነው። በመላው ዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከ100 ጊዜ 99ኙን ውሻ ነው። ባበደ እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይጫወታል፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፊቱንና አንገቱን ይነከሳል፤ ከዚያ እስከ አንጎል ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው።

ቫይረሱ የሚኖረው ባበደው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት፣ ወይም ቁስል ላይ በመላስ ይገባል። መጀመሪያ በቁስሉ አካባቢ ባለው ሥጋ ይቆያል። ቀጥሎ በቁልፉ የነርቭን በር ከፍቶ ይገባል፤ በነርቩም ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከሁለት ሳምንት በታች፣ አንዳንዴም ዓመት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ልጁ ደኅና መስሎ ይጫወታል፣ ቁስሉም ይድናል። አንጎል ደርሶ ውኃ መፍራት፣ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ሁሉ ከዚያ በኋላ የተረፉት ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ እናት ልጇን ለማዳን የሚቀራት ጊዜ ከንክሻው እስከ ነርቩ በር ድረስ ያለው ነው። በዚያ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው።

1ኛ. ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ ማጠብ። በስልክ ሰዓት ተቆጣጠሩ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስላችሁ ይረዝማል። አንድ ጀሪካን ውኃ በቀጭኑ ቢንቆረቆር ይበቃል። ሳሙና እስኪመጣ በውኃ ብቻም ቢሆን ጀምሩ። የቫይረሱ ካባ ቅባት ስለሆነ ሳሙናው እዚያው ቁስሉ ላይ ይቀድደዋል።

2ኛ. በቁስሉ ላይ ቡና፣ በርበሬ፣ ላምባ፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አለማድረግ። ይህ ቁስሉን ያቆስላል እንጂ ቫይረሱን አይከላከልም። አጥብቆ ማሰርም አይገባም።

3ኛ. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ። ክትባቱ በቀጠሮ የሚሰጥ ተከታታይ መርፌ ነው። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ተዘጋጅቶ የመጣ የመከላከያ ፕሮቲን በቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። ክትባቱ ሰውነት አንቲቦዲ የሚባሉ ዘበኞች እንዲያወጣ ያስተምራል፤ እነሱም በቫይረሱ ቁልፍ ላይ ይለጠፉበታል። ሰም የተለጠፈበት ቁልፍ መቆለፊያ ውስጥ እንደማይገባ ሁሉ ቫይረሱም በነርቩ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ቀጠሮ ያቋረጠ ሰው ግን ዘበኞቹን በግማሽ መንገድ እንደበተነ ይቆጠራል።

4ኛ. ውሻው ባለቤት ያለው ከሆነ ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያስቆም ይችላል። ነገር ግን «ውሻውን እንይ» ብሎ ክትባቱን ሳይጀምሩ 10 ቀን መጠበቅ ልጅን በዕጣ ላይ ማስቀመጥ ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን ቀድሞ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ይወስዳል። በእምነት ጉዳይ አንገባም፤ ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር አይጣላም። የምንለምነው ቁስሉ መጀመሪያ እንዲታጠብ፣ መርፌውም በዚያው ቀን እንዲጀመር ነው። በአፍ የሚጠጣ ቅጠል ግን ነርቭ ውስጥ የሚሄደውን ቫይረስ አይደርስበትም፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ መርዝ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ልጅ ውሻ ሲነክሰው ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። «ማን ንካው አለህ!» ብሎ መምታት በሚቀጥለው ጊዜ እንዲደብቅ ማስተማር ነው። ልጆቻችሁን «ውሻ ወይም ድመት ቢነክስህ፣ ቢቧጭርህም ሮጠህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሏቸው። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች።

በሱሉልታም ሆነ በሰበታ ላም ያላችሁ ቤተሰቦች ይህንን እወቁ። ያበደ ውሻ የነከሳት ላም አንዳንድ ጊዜ ምራቋ ይዝረበረባል፣ መዋጥም ያቅታታል። ባለቤቱ አጥንት ወይም ድንች የተነቀባት መስሎት እጁን በጉሮሮዋ ይሰዳል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ላሟን ለይታችሁ እሰሩ፣ እጃችሁን አታስገቡ፣ ወተቷንም ሥጋዋንም ለምግብ አታድርጉ፤ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ለእንስሳት በሽታ ምርመራ የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የሚገኘው እዚያው ሰበታ ነው።

ውሻውንም በዓመት አንድ ጊዜ ማስከተብ ይገባል። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከ100 ውስጥ 70ዎቹ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቋረጣል። በቡራዩም ሆነ በሌላ ከተማ የሥጋ ቤት ትርፍራፊና ሙት ከብት በየሜዳው መጣል ባለቤት የሌላቸው ውሾችን ይሰበስባልና፣ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ መቅበር የጎረቤት ሁሉ ሥራ ነው።

ክትባት ከየት ወዴት እንደ መጣ

ይህ ክትባት አዲስ ነገር አይደለም። በሰኔ ወር 1877 ዓ.ም ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ያበደ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በተከታታይ መርፌ አዳነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም ከተቋቋመውና የእብድ ውሻ ክትባት ይዘጋጅበት ከነበረው ተቋም ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከእሱ ወገን የመጣ ነው።

ፈንጣጣን የሚያስታውሱ አያቶችም አሉ። በሀገራችን የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም ተጀመረ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም ነው። በ1972 ዓ.ም በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ የተወለደ ልጅ ፊቱ በፈንጣጣ ሳይበሳሳ የሚያድገው ክትባት የቫይረሱን በር ስለዘጋበት ነው።

በአየር የሚመጣው

እጅ መታጠብ ብቻ የማይመልሳቸውም አሉ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ካሳለና ከሄደ በኋላ ቫይረሱ በዚያው ክፍል አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ዋናው መዝጊያ ክትባት ነው። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ደም የወረሳቸው ዘበኞች አሉት፤ እነሱ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እየጠፉ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በመጀመሪያው ያልያዘለት ልጅ እንዳይቀር ሁለተኛው በ15 ወር ይደገማል። ክትባቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሁለተኛውን «አንዴ ተወግቷል፣ ይበቃዋል» ብላችሁ አታስቀሩ።

ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19ም በሳልና በትንፋሽ ይመጣሉ። ብርድ በሚበረታበት እንደ ሱሉልታ ባለ ሀገር ሰው መስኮቱን ዘግቶ በአንድ ክፍል ይታፈናል፤ ቅዝቃዜውም የቫይረሱን ካባ ያጠነክረዋል። ቀን ፀሐይ ሲወጣ መስኮትና በር ከፍቶ ክፍሉን ማናፈስ፣ ሲያስሉ አፍን በክንድ መሸፈን፣ የታመመውን ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ለይቶ ማስተኛት ይገባል። የእናት ጡት ወተትም ዘበኞች አሉበትና እናቲቱ ጉንፋን ቢይዛትም እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ማጥባቷን አታቋርጥ።

ከዚህ ጽሑፍ የሚያዝ ቁም ነገር

1. ቫይረስ ከውጭ ሳለ ደካማ ነው፤ ከገባ በኋላ ብርቱ ነው።
2. ሳሙና ካባውን ይቀድዳል። እጅ፦ እስከ 20 እየተቆጠረ። የውሻ ንክሻ፦ 15 ደቂቃ።
3. ክትባት ቁልፉን ይሸፍናል። ኩፍኝ፦ በ9 እና በ15 ወር። ንክሻ፦ በዚያው ቀን፣ ቀጠሮ ሳይቋረጥ።
4. መስኮት ይከፈት፤ ውሻም ይከተብ።

እናቶች ሆይ! ሳሙናውን ከቁም ሳጥን አውጥታችሁ ከጀሪካኑ አጠገብ አድርጉት። የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም ይህን ወረቀት አንብቡላት።